ገመድ ያዡ፦ ስለ ግግር በረዶ ጉዞ ጀማሪ ትምህርት የቀረበ ምልልስ

ግግር በረዶ ማለት በብዙ ዓመታት የተከማቸ አመዳይ፣ ማለትም ከሰማይ በለስላሳ ቅንጣት የሚወርደው በረዶ፣ በላዩ በሚጫነው ክብደት ተጠቅጥቆ ወደ ጠጣርነት ከተለወጠ በኋላ ወደ ቁልቁለት በዝግታ የሚፈስ ግዙፍ አካል ነው። በዚህ አካል ላይ መሄድ ከተራ ተራራ መውጣት የተለየ ትምህርት የሚጠይቅ ሲሆን፣ ትምህርቱ ከየት እንደሚጀመርና ምን ያህሉን በኢትዮጵያ ምድር መማር እንደሚቻል ከዚህ በታች በምልልስ መልክ ቀርቧል። ከተናጋሪዎቹ አንደኛው በሞጣ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ የኖሩ መምህር፣ ሁለተኛው ተራራ መውጣት መማር የሚሻ የቢቸና ወጣት ተደርገው ተሥለዋል። የንግግራቸው ስፍራ ምሥራቅ ጎጃምን ከጎንደር ወገን የሚያገናኘው፣ የአገሬው ሰው ሰባራ ድልድይ የሚለው የጥንቱ የዓባይ ድልድይ ነው፤ ስፍራው የተመረጠበት ምክንያትም ከንግግሩ ይታያል።

ወጣቱ፦ መምህር፣ ጥያቄው ከጮቄ ቢጀምር ይሻላል። የጮቄ ተራራ 4,100 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው፤ በወገቡ ተወልዶ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ዳገት ይወጣል፣ ውርጭ ያውቃል፣ በሳሳ አየር መተንፈስም ለምዷል። እንዲህ ያለው ሰው በረዶ የለበሰ ተራራ ለመውጣት ሲነሣ ከሌላው ጀማሪ ይልቅ ግማሹን መንገድ እንደ ጨረሰ አይቆጠርም?

መምህሩ፦ ስለ ትንፋሹ ከሆነ ያልከው መሠረት አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስትና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠንም ሆነ ደማቸው የተሸከመው ኦክስጅን በባሕር ጠለል አቅራቢያ ከሚኖሩ ሰዎች እምብዛም እንደማይለይ አሳይተዋል፤ ሄሞግሎቢን የሚባለው ኦክስጅንን ከሳንባ ወደ ሰውነት የሚያመላልሰው የቀይ ደም ንጥረ ነገር ነው። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሰዎች ግን ከፍታውን የሚቋቋሙት ሄሞግሎቢናቸውን በማብዛት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ጸጋ በከፍተኛው ደጋ የኖረ ሕዝብ ጸጋ ስለሆነ ቢቸና ከተማ ያደገ ሰው የእርሱ ነው ብሎ መተማመን አይገባውም፤ ማንም ቢሆን ከ3,000 ሜትር በላይ በሚያድርበት ጊዜ የመኝታውን ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር ባልበለጠ መጠን እየጨመረ፣ በየመካከሉም እያረፈ መውጣት አለበት። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ብርቱ ትንፋሽ በረዶ ላይ መራመድን አያስተምርም። ጮቄ ጓሳና ጅብራ ያለበት ተራራ ነው፤ መሬቱ ሲረግጡት የሚታይ መሬት ነው፤ የግግር በረዶ ትልቁ ጠባይ ግን የሚረገጠው ነገር ከሥሩ ምን እንዳለ አለማሳየቱ ነው።

ወጣቱ፦ በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ግግር በረዶ የሌለው ከፍታቸው ስላነሰ ነው?

መምህሩ፦ ከፍታ ብቻውን አይወስንም። በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ሰማዩ በጠራ ቀን ከከተማው የሚታያቸው የሬኒየር ተራራ 4,392 ሜትር ከፍታ አለው፤ ከራስ ደጀን ያንሳል ማለት ነው። ነገር ግን ሬኒየር በሰሜን ኬክሮስ 47ኛው ዲግሪ አቅራቢያ ስለሚገኝና ከውቅያኖስ የሚመጣው እርጥበት በክረምቱ ብዙ አመዳይ ስለሚያወርድበት ከ20 በላይ ግግር በረዶዎች ተሸክሞ ይኖራል፤ ራስ ደጀን ግን በ13ኛው ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ የሚወርድበት በረዶ ሳይከርም ይቀልጣል። በምሥራቅ አፍሪካ ዛሬ ግግር በረዶ የቀረው 5,000 ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ በደረሱት በሦስት ስፍራዎች ብቻ ነው፤ እነርሱም 5,895 ሜትር ከፍታ ያለው ኪሊማንጃሮ፣ 5,199 ሜትር ከፍታ ያለው የኬንያ ተራራና 5,109 ሜትር የሚደርሰው የሩዌንዞሪ ሰንሰለት ናቸው። የቀድሞው ዘመን ግን ሌላ ነበር። በባሌ የሳነቴ አምባና ሸለቆዎቹ በጥንቱ የበረዶ ዘመን በግግር በረዶ ተሸፍነው ነበር፤ በሰሜን ተራሮችም በረዶው ገፍቶ የከመራቸው የድንጋይና የአፈር ክምሮች፣ በሙያው አጠራር ሞሬኖች፣ እስከ ዛሬ ይታያሉ። በባሌ ፊንጫ ሀበራ በተባለው የዋሻ መጠለያ የተደረገውና በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ጥናት ደግሞ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይኖሩ እንደ ነበር፣ ግዙፉን የባሌ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ እንደ ነበር፣ ለመሣሪያቸው የሚሆነውንም ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ከበረዶው ጠርዝ አጠገብ ይለቅሙ እንደ ነበር አሳይቷል። ኢትዮጵያዊና ግግር በረዶ ጨርሶ የማይተዋወቁ ናቸው የሚለው አባባል ስለዚህ እውነት አይደለም፤ ትውውቁ ተቋርጦ የኖረ ነው ቢባል ይቀርባል።

ወጣቱ፦ ትውውቁ የሚታደስ ከሆነ ጀማሪው መጀመሪያ የሚማረው ምንድን ነው? ብዙ ሰው መውጣት ይመስለዋል።

መምህሩ፦ መጀመሪያ የሚማረው የሌላውን ሰው ክብደት መያዝን ነው፤ ይህንንም ለማስረዳት ከዚህ ድልድይ የተሻለ ምስክር አይገኝም። ድልድዩ በ17ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣሊያን ወረራ ወቅት አርበኞች የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት ቅስቱን ሰበሩት፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት ለገበያ፣ ለለቅሶ ወይም ለሕክምና ወዲያ ማዶ የሚሻገር ሰው በገመድ ታስሮ፣ በሁለቱ የድንጋይ ጫፎች የቆሙ ጎልማሶች አንደኛው ወገን ገመዱን እየለቀቀ ሌላው ወገን እየሳበ ከወንዙ በላይ ያሳልፉት ነበር። ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህንኑ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አይቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ ክፍተቱ በ2002 በብረት ተጠገነ፤ ጥገናውን ጎርፍ በ2005 ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። እንግዲህ ገመዱ በሚሠራበት ዘመን ባለሙያው ማን እንደ ነበር ልብ በል። ተሻጋሪው ነጋዴ፣ እናት ወይም ሕመምተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከእርሱ የሚጠበቀው በደንብ መታሰርና አለመደንገጥ ብቻ ነበር። ሙያው በጫፍ በቆሙት እጅ ነበር፤ ቶሎ ከለቀቁ ሰው ይወድቃል፣ ሳይለቁ ከሳቡ ሰው ይጨነቃል። በትግራይ በደብረ ዳሞ ገዳምም 15 ሜትር ገደማ የሚሆነውን ገደል የሚወጣ ሰው በአንደኛው ጠፍር እየተንጠላጠለ ሲወጣ፣ ሁለተኛው ጠፍር በወገቡ ታስሮ ከላይ ያለው መነኩሴ ይስብለታል። በተራራ ሙያ ዋስትና የሚባለው፣ ማለትም የሚወጣውን ሰው ውድቀት ሌላ ሰው በገመድ ሊገታ ተዘጋጅቶ መጠበቁ፣ ይኸው ነው።

ወጣቱ፦ መምህር፣ ምስክሩ ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። የድልድዩ ሳቢዎች የቆሙት በጠነከረ ድንጋይ ላይ ነው፤ የደብረ ዳሞው መነኩሴም ከአምባው ላይ ነው። በግግር በረዶ ላይ ግን ያዡም ተያዡም በአንድ የሚያንሸራትት ነገር ላይ ናቸው። ያዡ ራሱ ቢጎተትስ?

መምህሩ፦ የትምህርቱ አስኳል ይህ ነው፤ ከመልሱ በፊት ጥያቄው ራሱ ተገቢው ክብር ይገባዋል። ግግር በረዶ በሚፈስበት ጊዜ ታችኛው ክፍሉ በክብደት ተጨምቆ እንደ ልብ ሲተጣጠፍ፣ ላይኛው ክፍል ግን ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ ቁልቁለቱ በሚለወጥበትና ሸለቆው በሚታጠፍበት ስፍራ ይሰነጠቃል። ይህ ስንጥቅ 30 ሜትርና ከዚያም በላይ ሊጠልቅ ይችላል። ችግሩ ግን ከጥልቀቱ ይልቅ መሸፈኑ ነው፤ ንፋስ የሚነዳው አመዳይ ከሁለቱ ከንፈሮቹ እየበቀለ ይገናኝና ከላይ ሲታይ ሜዳ የሚመስል የበረዶ ድልድይ ይሠራበታል። በበጋ አመዳዩ ቀልጦ ጠጣሩ በረዶ በተገለጠበት ስፍራ ስንጥቁ ስለሚታይ ዞሮ ማለፍ ይቻላል፤ አመዳይ በለበሰው ስፍራ ግን ማንም ያለ ገመድ አይሄድም። ተጓዦች በሌሊት የሚነሡትም ሌሊት የጠነከረው የበረዶ ድልድይ ረፋድ ላይ በፀሐይ ስለሚላላ ነው።

አሁን ወደ ያዡ እንመለስ። ሦስት ሰዎች በአንድ ገመድ ሲታሰሩ በየመካከላቸው ከ10 እስከ 12 ሜትር ርቀት ይተዋል፤ ሁለት ብቻ ከሆኑ ርቀቱ ሰፋ ይልና በመካከሉ ገመዱ ከስንጥቁ ከንፈር እንዲነክስ ቋጠሮዎች ይደረጉበታል። ገመዱ በረዶውን በጥቂቱ እየነካ ይሄዳል እንጂ አይላላም፤ ምክንያቱም በላላው ገመድ የወደቀ ሰው ፍጥነት ካገኘ በኋላ ስለሚደርስ ያዡን ከእግሩ ይነቅለዋል። ፊተኛው የበረዶ ድልድዩን በዘንጉ እየወጋ ይሄዳል፤ ሰልፉም ስንጥቁን ቀጥ ብሎ ያቋርጣል እንጂ በርዝመቱ አብሮት አይሄድም፤ ካልሆነ ሦስቱም በአንድ ስንጥቅ ላይ ሊቆሙ ይችላሉ። ፊተኛው በወደቀ ጊዜ ያዡ ወዲያውኑ በሆዱ ተኝቶ የበረዶ ዶማውን ይተክላል። የበረዶ ዶማ ራሱ በአንድ ወገን ሹል፣ በሌላው ወገን ጠፍጣፋ የሆነ፣ እጀታውም ከታች የሾለ መሣሪያ ነው። ሹሉ ከትከሻ በታች በደረት ክብደት ወደ በረዶው ይጫናል፤ ጉልበቶች ይሰፋሉ፤ ይህም ራስን መግታት ይባላል።

ወጣቱ፦ እግርስ? እግርን መትከል ከሁሉ የቀለለ ይመስላል።

መምህሩ፦ ጀማሪ ከሚጎዳባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። በጠጣር በረዶ ላይ ለመራመድ በጫማ ሥር ክራምፖን ይታሰራል፤ ክራምፖን ብዙ የብረት ጥርሶች ያሉት መሣሪያ ነው። በፍጥነት የሚንሸራተት ሰው የክራምፖኑን ጥርስ በረዶው ላይ ቢያሳርፍ ጥርሱ ይነክስና ቁርጭምጭሚቱን ይሰብረዋል ወይም ገልብጦ ይወረውረዋል፤ ስለዚህ እስኪቆም ድረስ እግሩን ከጉልበቱ አጥፎ ያነሣል። ልምምዱም የሚጀመረው ክራምፖን ሳይታሰር፣ ከታች ድንጋይም ስንጥቅም በሌለበት፣ ሰው ቢንሸራተት በራሱ በሚቆምበት አጭር ተዳፋት ላይ ነው። ተቀምጦ መውደቅ፣ በጀርባ መውደቅ፣ በጭንቅላት ቀድሞ መውደቅ እያንዳንዱ ለየብቻ ይለመዳል፤ በእውነተኛው ቀን ሰው አወዳደቁን አይመርጥምና።

ወጣቱ፦ ነገር ግን መታሰር የአንዱን ውድቀት የሁሉ ውድቀት አያደርገውም? ብቻውን የሚሄድ ሰው ቢያንስ ሌላውን ይዞ አይሄድም።

መምህሩ፦ ያደርገዋል፤ ታሪኩም በደም የተጻፈ ነው። በሐምሌ ወር 1865 እ.ኤ.አ. ሰባት ሰዎች በስዊዘርላንድና በጣሊያን ድንበር የሚገኘውን ማተርሆርንን ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተው ሲመለሱ፣ የ19 ዓመቱ ዳግላስ ሃዶ፣ በመካከላቸው ከሁሉ ልምድ ያነሰው፣ አንሸራተተውና ፊት የነበረውን መሪ ሚሼል ክሮን መታው፤ ክብደታቸው ከኋላ ያሉትን ቻርልስ ሃድሰንንና ፍራንሲስ ዳግላስን ነቀላቸው፤ አራቱም ሞቱ። የቀሩት ሦስቱ የዳኑት በመካከል የነበረው ደካማ ገመድ ስለ ተበጠሰ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ፍርድ ገመድ መጥፎ ነው የሚል አይደለም። ስንጥቅ በበዛበት ገራም ሜዳ ላይ ገመድ ሕይወት ነው፤ ምክንያቱም የሚወድቀው አንድ ሰው ነው፣ ክብደቱም ከስንጥቁ ከንፈር ጋር በሚደረግ ሰበቃ ይቀንሳል። በቀጥተኛና ጠጣር ተዳፋት ላይ ግን ማንም የማንንም ውድቀት ሊገታ ስለማይችል፣ ገመዱ በችካል ካልታሰረ በቀር መታሰር አደጋን ያበዛል። ገመድን መቼ ማሰር፣ መቼ በችካል ማስያዝ፣ መቼ መፍታት እንደሚገባ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ይህን ሙያ ተማረ የሚባለው፤ ቋጠሮ ብቻ የሚያውቅ ገና አልተማረም።

ወጣቱ፦ የወደቀው ሰው ከተገታ በኋላ እንዴት ይወጣል?

መምህሩ፦ ያዡ በሆዱ ተኝቶ ለዘላለም አይቆይም፤ የጠየቅከው የጠነከረ ድንጋይ እዚህ ላይ ይሠራል። ሦስተኛው ሰው እየደረሰ፣ ወይም ያዡ ራሱ አንድ እጁን ነፃ አድርጎ፣ ለገመዱ አዲስ መያዣ ይሠራለታል፤ በአመዳይ ላይ የብረት ችካል ይመታል ወይም አንድ ጠንካራ ነገር በጉድጓድ በአግድም ይቀበራል፤ በጠጣር በረዶ ላይ የበረዶ ብሎን፣ ማለትም እየዞረ የሚገባ ቀዳዳማ የብረት ቱቦ፣ ይተከላል። ክብደቱ ቀስ ብሎ ወደዚያ ይተላለፋል። ይህ የሚሆነው በፕሩሲክ ቋጠሮ ነው፤ ኦስትሪያዊው ካርል ፕሩሲክ በ1931 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ይህ ቋጠሮ ቀጭን ገመድን በወፍራሙ ላይ በመጠምጠም የሚሠራ ሲሆን፣ ሳይጫን ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ሲጫን ግን ይነክሳል። ወድቆ ያልተጎዳ ሰው በሁለት ፕሩሲኮች፣ አንዱ በወገቡ ሌላው በእግሩ፣ እየተቀያየረ ራሱን ወደ ላይ ያወጣል። ለተጎዳው ደግሞ ገመዱ በሁለት መዘውሮች ወይም በሁለት ካራቢነሮች፣ ማለትም መክፈቻ ባላቸው የብረት ቀለበቶች፣ እየታጠፈ እንዲሄድ ይደረጋል፤ ስሌቱ ጉልበትን ሦስት እጥፍ ያደርጋል፣ በተግባር ግን ሰበቃው ብዙውን ይበላዋል። ገመዱ በስንጥቁ ከንፈር ውስጥ ስለሚሰምጥም ዶማ ወይም ቦርሳ ከሥሩ ማስገባት ያስፈልጋል፤ ያ ከንፈር ስንት ሰው እንዳስቸገረ የሚያውቀው በእጁ የሳበ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ አንድ ጊዜ ማየት ምንም አይጠቅምም። በጓንት፣ በብርድ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ይዞ እስኪሠራው ድረስ መደጋገም ያስፈልጋል፤ ከዓመት ዓመትም ይረሳል።

ወጣቱ፦ ከዚህ ውስጥ በሞጣና በቢቸና የሚለመድ አለ?

መምህሩ፦ ከሚገመተው በላይ አለ። ቋጠሮ በየትም ይለመዳል፤ ፕሩሲክ ከአንድ ጠንካራ ወይራ ላይ በተንጠለጠለ ገመድ፣ ከመሬት ሁለት ሜትር ሳይርቁ፣ መያዣ ሌላ ሰው ባለበት ይለመዳል፤ የመዘውሩም ሥራ ጆንያ እህል እየሳቡ ይለመዳል። ጮቄ ላይ ጓዝ ተሸክሞ መሄድ፣ በጭጋግ አቅጣጫ መያዝ፣ በውርጭ ማደር የሚሰጠውን ብርታት ማንም አይንቀውም። የበረዶ ዓይን ግን ከበረዶ በቀር የሚሰጥ የለም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን መናገር ያስፈልጋል፤ ኪሊማንጃሮን በተለመደው መንገድ የወጣ ሰው ግግር በረዶውን ከጎኑ ያየዋል እንጂ አይሄድበትም፤ ስለዚህ 5,895 ሜትር ደርሶም በዚህ ሙያ ጀማሪ ነው። ሩዌንዞሪ ግን ወደ ማርገሪታ ጫፍ ሲወጣ ክራምፖንና ገመድ ይጠይቃል። የኬንያ ተራራው የሉዊስ ግግር በረዶ ከ1934 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ድረስ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነውን መጠኑን አጥቷል፤ ዩኔስኮም በ2022 ባወጣው ዘገባ በአፍሪካ የዓለም ቅርስ ስፍራዎች ያሉት ግግር በረዶዎች እስከ 2050 ሊጠፉ እንደሚችሉ አስታውቋል። ከጎጃም ለተነሣ ተማሪ ከሁሉ የቀረበው መማሪያ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ሊዘጋ ነው፤ ይህም የሚያሳዝን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱን የሚያስቸኩል ነገር ነው። በውጭ የሚኖሩት የተሻለ ዕድል አላቸው፤ በሲያትል በ1906 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዘ ማውንቴኒርስ ማኅበር ለጀማሪዎች የግግር በረዶ ትምህርት ይሰጣል።

ወጣቱ፦ ይህን ሁሉ የተማረ ሰው ከአደጋ ይድናል ማለት ነው?

መምህሩ፦ አይደለም፤ እንዲህ የሚል አስተማሪም አይታመን። በሰኔ ወር 1981 እ.ኤ.አ. በሬኒየር ላይ በኢንግራሃም ግግር በረዶ ከላይ የተናደ የበረዶ ክምር 11 ሰዎችን ገድሏል፤ አንዱ አስጎብኚ መሪ፣ የቀሩት እርሱ የሚመራቸው ነበሩ። ከላይ ለሚናድ በረዶ ገመድም ዶማም መልስ የላቸውም። መልሱ ከተንጠለጠለ በረዶ በታች አለማረፍ፣ በዚያ ማለፍ ግድ ከሆነ በቀዝቃዛው ሰዓት ፈጥኖ ማለፍ፣ ካልሆነም መመለስ ነው፤ ይህን ውሳኔ ደግሞ ጀማሪው ለብቻው ሊወስነው አይችልም። ስለዚህ ነው ያለ አስተማሪ አይሂድ የሚባለው።

ወጣቱ፦ ጀማሪው በገመዱ ላይ የሚታሰረው በየትኛው ቦታ ነው?

መምህሩ፦ በመካከል። ፊተኛው ስንጥቁን የሚፈልግ ነው፣ ኋለኛው ደግሞ ለማዳን ትርፉን ገመድ የተሸከመ ነው፤ ሁለቱም ልምድ ይጠይቃሉ። መካከለኛው ገመዱ እንዳይላላ መጠበቅና ሲጠራ መተኛት ብቻ ይበቃዋል። ወደ ኋለኛው ቦታ የሚሸጋገረው አንድ ሙሉ ሰው ከእውነተኛ ስንጥቅ በገዛ እጁ ስቦ ካወጣ በኋላ ነው፤ ወደ ፊተኛው ለመሸጋገር ግን የሚያስፈልገው ጊዜ በተማሪው ዓይን እንጂ በዓመት አይለካም።